እትዬ ማግኔት እና ስምንቱ ቢዶኖች

አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችውን ጥቁር ክብ ነገር ያየ እንግዳ ክታብ ይመስለዋል። ክታብ አይደለም። ከተቃጠለ ስፒከር ጀርባ ተፈልቅቆ የወጣ ማግኔት ነው። መሐሉ ክፍት ስለሆነ የጫማ ማሰሪያ አሾልካበት፣ ይኸው ስንት ዓመቷ፣ ከደረቷ አይወርድም። ስትታጠብ ብቻ ታወልቀዋለች ይባላል፤ እሱንም የምታወራው የባሏ እህት ናት፣ አይታ ይሁን ገምታ እግዜር ይወቀው። ሰፈሩ እትዬ ማግኔት ይላታል። ባሏ ራሱ ማግኔት ነው የሚላት። አንድ ቀን ተሳስቶ በእውነተኛ ስሟ ቢጠራት መዶሻዋን አስቀምጣ «ምን አጠፋሁ?» አለችው አሉ።

ሥራዋ ላሜራ ነው። የዕቃ ማጠቢያ ገንዳ፣ የወተት ቢዶን፣ የወጥ ቤት መደርደሪያ፣ ከላሜራ የሚወጣ ነገር ሁሉ ከእጇ ይወጣል። ሱቋ ሁለት አልጋ አያስገባም። በሩ ሥር ብረት ነክሶ የሚይዘው ሞርሳው፣ ከሞርሳው ጎን በእጅ የሚዞረው የላሜራ መጠቅለያ፣ ከዚያ የቢዶን አንገት የሚቀጠቀጥበት የእንጨት ቅርጽ። ግድግዳው ላይ ካቻቢቴው፣ ፒንሳው፣ መቀሱ ያለ አንዲት ምስማር ተለጥፈው በተርታ ቆመዋል። ለምን እንደማይወድቁ የማያውቅ ደንበኛ አፉን ከፍቶ ሲያይ፣ የባሏ እህት ከጥግ ሆና ትስቃለች።

የባሏ እህት ቅጽል ስሟ ሬዲዮ ነው። ሱቁ ውስጥ ሥራዋ ያለቀውን ዕቃ መወልወል ነው፤ እጇ ይወለውላል፣ አፏ ያስተላልፋል። ጠዋት ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ የተባለው ነገር ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ሱቁ ይገባል፤ ሱቁ ውስጥ የተባለው ደግሞ ምሳ ሳይደርስ ዳቦ ቤት ነው።

ታዲያ እትዬ ማግኔት የማግኔቱን ነገር ከየት አመጣችው? ትምህርቷ አምስተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ወርክሾፕ ጠርጋለች። ወለሉ ላይ የተበተነውን የብረት ብናኝ በመጥረጊያ ስታሳድድ፣ መምህሩ ለአንደኛ ዓመቶች የሚሰጠውን ትምህርት ዘጠኝ ጊዜ ሰማችው። በየዓመቱ ያው ትምህርት፣ ያው ቀልድ፣ ያው ሳል። ዛሬም ደስ ሲላት መነጽር እንዳደረገ ሰው አፍንጫዋን ከፍ አድርጋ፣ ድምጿን አወፍራ ታስመስለዋለች።

«ልጆች! እህም! ብረት ሆድ ውስጥ እልፍ አእላፍ ጥቃቅን ማግኔቶች አሉ። ታዲያ ምስማር ለምን ምስማርን አይስብም? ስማቸው እንጂ ፊታቸው አንድ አይደለማ! አንዱ ወደ በሩ ያያል፣ አንዱ ወደ መስኮቱ፣ አንዱ ወደ ጎረቤት። የአንዱን ጉልበት ሌላው ያጠፋዋል። ማግኔት ሲጠጋ ግን አለቃ የመጣ ያህል ሁሉም ባንድ ፊት ዞሮ ይሰለፋል። ያኔ ጠቅ! ተራ ምስማር አለቃው ዞር ሲል ይበተናል። መርፌና መጋዝ ግትር ናቸው፣ አንዴ ከተሰለፉ አይበተኑም፤ እነሱ ራሳቸው ማግኔት ሆኑ ማለት ነው። እሳትስ? እሳት ያስጨፍራቸዋል፣ የሚጨፍር ሰው ደግሞ አይሰለፍም! አልሙኒየም፣ መዳብ፣ እንጨት? እዚያ ቤት የሚሰለፍ የለም።»

አንድ ተማሪ ሁሌም ስለማይዝገው ስቴንለስ ይጠይቃል። መምህሩም ሁሌም «እሱን ሁለተኛ ዓመት ላይ ታገኙታላችሁ» ይላል። ሁለተኛ ዓመቶች የሚማሩት ፎቅ ላይ ነበር። ፎቁን የሚጠርግ ሌላ ሰው ነው።

በዚህች በሰማቻት ብቻ ሰፈሩን አስተማረችው። ልብስ ሰፊው መቀሱ መርፌውን ሁሉ እየጎተተ አላሠራ ቢለው ይዞላት መጣ። «የት ነው የምታሳድረው?» አለችው። «ቴፑ ላይ።» «ስፒከሩ አናት ላይ?» «አዎ።» «አንተ ተኝተህ እሱ ሲሰለፍ ያድራላ!» ብላ መቀሱን ከጣውላ ጋር ደጋግማ አላተመችውና ሰልፉን በተነችው። የጎረቤት ልጅ ልትዳር ስትል የተሰጣትን ሐብል ደግሞ አክስቶቿ ይዘው መጡ። ማግኔቱን ሲያስጠጉት መቆለፊያው ላይ ጠቅ አለ። አንዷ አክስት ደረቷን መታች፤ «ወይኔ ጉዳችን! ብረት አስረውብን ሊሄዱ!»

«ዝም በሉ» አለች እትዬ ማግኔት። «መቆለፊያው ውስጥ ፀጉር የምታህል ሽቦ አለች፣ እየተወጠረች የምትዘጋው። የተያዘችው እሷ ናት። ሐብሉን ከሆነ የፈለጋችሁት ማግኔት ወርቅን ከነሐስ አይለይም። ወርቅ ቤት ሂዱ።»

ሠርጉ ተረፈ። እንዲህ ዓይነት ሰው ናት። ለሁሉም መልስ አላት፣ መልሷም ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ አይቆይም። ለስቴንለስ ደግሞ ከራሷ ያወጣቻት፣ መላ ሰፈሩ በቃሉ የያዛት አጭር ሕግ ነበረቻት፦ የያዘ ብረት፣ ያልያዘ ስቴንለስ፣ አለቀ።

ችግሯም ከዚህችው ሕግ መጣ።

የወተት ማኅበሩ አሥራ ሁለት የስቴንለስ ቢዶን አዘዛት። ስምንቱ ትላልቅ፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ አንገታቸው ጠባብ፤ አራቱ ትናንሽ፣ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያሉ። እንዲህ ያለ ሥራ በእጇ ገብቶ አያውቅም። የስምንቱን አንገት በእንጨት ቅርጹ ላይ አስተኝታ በመዶሻ እየቀጠቀጠች ስትቀርጽ ሦስት ሳምንት ፈጀባት፤ ትከሻዋ አብጦ ሬዲዮ ማታ ማታ በሙቅ ጨርቅ ታሻት ነበር። ሰኞ አስረከበች። ማክሰኞ ጠዋት ተጠራች።

የማኅበሩ ስቶር ኪፐር ቢሆንም ይባላል። ስሙ አይደለም። ምንም ብትለው «ቢሆንም» ስለሚል ነው። ዛሬ ማክሰኞ ነው ብትለው «ቢሆንም» ይላል። ቃሏን በአፍንጫው አሳልፎ ነው የሚያወጣት፣ ጉንፋን እንደያዘው ሰው።

እትዬ ማግኔት ስትገባ ስምንቱ ቢዶኖች በተርታ ቆመዋል። እያንዳንዳቸው ላይ በቀይ ቀለም ትልቅ ኤክስ ተሰምሮባቸዋል። አራቱ ትናንሾች ያለ ምልክት ዳር ቀርተዋል።

«እትዬ፣ ይመልከቱልኝ» አለ ቢሆንም። ከኪሱ ማግኔት አወጣና የአንዱ ቢዶን ሆድ ላይ አስጠጋው። አልያዘም። ከዚያ ወደ አንገቱ ወሰደው። ጠቅ።

ሁለተኛውን፤ ጠቅ። ሦስተኛውን፤ ጠቅ።

«ሆዱ ስቴንለስ፣ አንገቱ ብረት» አለ። «ሰው የሚያየው ሆዱን ነው ብለው ነው እንግዲህ። ወተት የሚቀዳው በአንገቱ መሆኑን ረስተውት ነው?»

«ከአንድ ላሜራ ነው የወጣው! በዓይኔ ብሌን ነው የምልህ፣ እዚህ ውስጥ ብረት አላስገባሁም።»

«ቢሆንም፣ ይህን ማግኔት የሰጠኝ ማነው?»

እጇ ደረቷ ላይ ወዳለው ማግኔት ሄደ።

«እርስዎ ነዎት። ‹የያዘ ብረት፣ ያልያዘ ስቴንለስ፣ አለቀ› ያለኝስ ማነው? ያው እርስዎ። እኔ ያስተማሩኝን ነው የሠራሁት፣ እትዬ።»

የራሷን ቃል፣ የራሷን ማግኔት ይዞ ነው የቆመባት። ቢሆንም አርብ ጠዋት ሊቀመንበሯና አባላቱ ግቢው ውስጥ እንደሚሰበሰቡ ነገራት። እስከዚያ ማስረጃ ካላመጣች ቢዶኖቹ ይመለሳሉ፣ እሷም ሁለተኛ ማኅበሩ በር ላይ አትደርስም። እሱስ ይሁን። ሱቅ ስትደርስ ሬዲዮ አስቀድማ ሰምታ፣ ዓይኗ ደም መስሎ ጠበቀቻት።

«ዳቦ ቤት ምን እንደሚሉ ልንገርሽ?»

«አትንገሪኝ።»

«‹ለሕፃናት ወተት ዝገት የምታጠጣ› ይላሉ! ያቺ ሠርጉን ያተረፍሽላት የሐብሏ አክስት፣ እሷ ናት የጀመረችው! ‹ድሮም አፏ ነው እንጂ› አለች። ልበላት ነበር፣ ሰልፉ ያልፈኛል ብዬ ተውኳት።»

እትዬ ማግኔት ሞርሳው ላይ ተደገፈች። ሃያ ዓመት የገነባችው ስም ነው። ሰው ድስት ሊገዛ ሲል እሷን ጠይቆ የሚገዛው፣ ሌላ ምንም ስላላት አይደለም፤ አትዋሽም ስለሚባል ነው። ይኼ ከሄደ ምን ቀራት? አንድ ሞርሳና አንድ የጫማ ማሰሪያ።

«ላሜራ ሻጩ ነው!» አለች ሬዲዮ ጨርቋን እየወረወረች። «ይኼ ዓይነ ደረቅ! ቀላቅሎ ነው የሸጠልሽ! ሄጄ ሱቁን በላዩ ላይ ነው የማፈርስበት!»

«ቆይ እስቲ፣ አታፍርሺ።»

ከዚያው ላሜራ የተረፈውን ቁራጭ ከጥግ አወጣች። ማግኔቱን አስጠጋች። ምንም። ገለበጠችው። ምንም። ሌላ ቁራጭ፤ ምንም። ላሜራ ሻጩ ንጹሕ ነው።

ተቀመጠች። እሷ ዝም ስትል ሬዲዮም ዝም ትላለች፣ ይኼ በዓመት አንዴ ቢሆን ነው። ስምንቱ ያዙ። አራቱ አልያዙም። አራቱ እኮ ከዚያው ላሜራ ናቸው። በምን ተለዩ? አራቱ ቀጥ ያሉ ናቸው፣ ተጠቅልለው ብቻ አለቁ። ስምንቱ ግን…

እጆቿን አየቻቸው። ከዚያ መዶሻውን አየችው።

ጣት የምታህል ቁራጭ ቆርጣ ሞርሳው ላይ አሰረች። አጠፈቻት፣ መለሰቻት፣ አጠፈቻት፣ መለሰቻት፣ ቁራጯ እጥፋቱ ጋ እስክትሞቅ። ማግኔቱን በክሩ አንጠልጥላ አስጠጋች። ማግኔቱ ጠጋ አለ፣ እንደሚያፍር ሰው። ከዚያ ከዚያው ላሜራ ሌላ ቁራጭ መቀጥቀጫው ላይ አድርጋ ትንፋሿ እስኪቆረጥ ቀጠቀጠቻት። አሁን ማግኔቱ አላፈረም። ጠቅ አለ።

«ወይ ጉድ» አለች። «እኔ ነኝ። ያስያዝኩት እኔው ነኝ፣ በገዛ እጄ።»

ሬዲዮ እልል ልትል አፏን ከፈተች። የእትዬ ማግኔትን ፊት አይታ ግን መለሰችው፤ ፊቷ አመድ መስሏል። እዚያች ቅጽበት ቢዶኖቹ አልነበሩም ሐሳቧ ውስጥ የገቡት። ጭልፋዎች ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሱቋ ሦስተኛው በር ላይ ጋሽ ፍሙ የሚባሉ ብረት ቀጥቃጭ አሉ፤ ሲስቁም ሲቆጡም ዓይናቸው ፍም ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት ለአንድ ሆቴል ሠላሳ የስቴንለስ ጭልፋ ሠሩ። የሆቴሉ ባለቤት እትዬ ማግኔትን ጠራት፣ እሷም ማግኔቷን የጭልፋዎቹ አንገት ላይ አስጠጋችው፣ ያዘ፤ ሰው በተሰበሰበበት «ብረት ነው!» አለች። ጭልፋዎቹ ተመለሱ። ጋሽ ፍሙ ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላም ብለዋት አያውቁም። እሷም አልተቆጨችም ነበር፤ ሌባ ሰላም ባይላት ምን ቀረባት?

ጋሽ ፍሙ ጭልፋ የሚሠሩት ቀጥቅጠው ነው።

«እሳት ያስፈልገኛል» አለች ለሬዲዮ።

«ምን ልታደርጊበት?»

«መዶሻ ያመጣውን እሳት ይመልሰው እንደሆነ ላየው። ብረት ሲግል መሰለፉን ይተዋል፣ ሲበርድ ግን ይመለስበታል። ይኼኛውስ ሲበርድ ምን ይሆናል? አላውቅም።»

ሬዲዮ «አላውቅም» የምትለዋን ቃል ከእሷ አፍ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። ለዳቦ ቤትም አልነገረችውም።

ረቡዕ ጠዋት ጋሽ ፍሙ ከሰል እየለኮሱ በሩ ላይ ጥላ አረፈባቸው። ቀና ብለው አዩዋትና ወደ ከሰላቸው ተመለሱ።

«እንደምን አደሩ፣ ጋሼ።»

ጋሽ ፍሙ ከሰሉን በጉጠት አገላበጡ።

«እሳት ፈልጌ ነበር። ግን እሳቱን ከመለመኔ በፊት የምለው አለኝ።» ይቺ ለመቶ ሰው አፏን ሞልታ የምታስተምር ሴት ቃሏን አንድ በአንድ ለቅማ አወጣችው። «ጭልፋዎቹ ብረት አልነበሩም። ተሳስቼ ነበር። ስምዎን አጠፋሁ፣ ጋሼ።»

ጋሽ ፍሙ ጉጠታቸውን ቀስ አድርገው አስቀመጡት።

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም። የራሴን ሥራ ያዘብኝ።» ሁለቱን ቁራጮች አሳየቻቸው፣ ያልተነካውንና የተቀጠቀጠውን። ሽማግሌው ማግኔቱን ተቀብለው አንዱ ላይ አደረጉ፣ ሌላው ላይ አደረጉ፣ እንደገና ደገሙት።

«ላሜራ የሸጠልኝን ሰውዬ ተጣላሁት እኮ» አሉ። «የልጄን ክርስትና አባት! ቀላቅለህ ሸጥክልኝ ብዬ ዓይንህን አልይ አልኩት። ሦስት ዓመት። አንቺ ብረት ነው ካልሽ ብረት ነዋ! እኔ ራሴ አመንኩሽ!»

ይኼ ከስድብ ሁሉ ባሰባት። ብትሰደብ ይቀላት ነበር። ራሷን አቀርቅራ ቆመች።

«እዚያ ምን ተገትረሻል?» አሉ ጋሽ ፍሙ። «እሳት ነው የፈለግሽው? ወናፉን ያዢ። እኔ ወገቤን ያመኛል፣ አንቺ ታናፊያለሽ።»

አናፋች። ላቧ በአገጯ ጠብ ጠብ እስኪል አናፋች። ሽማግሌው የተቀጠቀጠችውን ቁራጭና አንድ ተራ ምስማር ከሰሉ ውስጥ ከተቱ። ሁለቱም ቀሉ፣ ከዚያ ወደ ብርቱካን ሄዱ። በጉጠት አውጥተው ማግኔቱን ከበላይ ሲያንዣብቡበት ምስማሩም አልተነቃነቀ፣ ቁራጯም አልተነቃነቀች።

«ሁለቱም እየጨፈሩ ነው» አለች በሹክሹክታ።

«ማን ነው የሚጨፍረው?»

«ይቅርብዎ፣ በኋላ እነግርዎታለሁ።»

ሁለቱንም ውኃ ውስጥ ነከሯቸው። ውኃው ጭስስ አለ። ምስማሩን አስጠጉ፤ ጠቅ፣ እንደ ድሮው። ቁራጯን አስጠጉ። ማግኔቱ በክሩ ላይ ተንጠልጥሎ እንደ ሞተ ነገር ቀረ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ምንም።

ጋሽ ፍሙ ፍም ዓይናቸውን አንስተው አዩአት። «በይ እንግዲህ» አሉ፣ «አርብ ከሰሉን ማን ሊሸከመው ነው?»

አርብ ጠዋት የማኅበሩ ግቢ ሞልቷል። ወተት ያስረከበ ሁሉ ባዶ ዕቃውን ይዞ አልሄደም፤ ወሬ ነዋ! ሊቀመንበሯ ወንበር ላይ ናት፤ ቁጥብ፣ ቶሎ የማትስቅ ሴት። ቢሆንም ከጎኗ ማግኔቱን እንደ ሰዓት እያየ ቆሟል። ጋሽ ፍሙ መሬት ላይ ከሰላቸውን አቀጣጥለዋል። ሬዲዮ ወናፉ ላይ ናት፣ ትንፋሿ ለወሬ ስላልተረፈ ሰው ሁሉ ደነቀው።

እትዬ ማግኔት ከሁሉም በፊት ማንም ሳይጠይቃት ተናገረች።

«‹የያዘ ብረት፣ ያልያዘ ስቴንለስ› ያልኳችሁ እኔ ነኝ። ግማሹ ውሸት ነው። አውቄ አልዋሸሁም፣ ሳላውቅ ነው ያወራሁት። በዚያ ወሬዬ እኚህን ሰው ሌባ አስባልኳቸው። ጭልፋቸው ስቴንለስ ነበር።» ወደ ጋሽ ፍሙ ጠቆመች። «ይኼን የምለው ቢዶኖቼን እንድትወስዱልኝ አይደለም። ባትወስዷቸውም ያው ነው።»

ያቺ የሐብሏ አክስት ከኋላ ነበረች፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ሳበች።

ከዚያ ምስማሩንና አዲስ ቀጥቅጣ ያመጣቻትን ቁራጭ እንደ ረቡዕ አደረገቻቸው። ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ምስማሩ ያዘ፣ ቁራጯ ለቀቀች። ማጉረምረም ተነሳ፣ «አየኸው?» «ለቀቀ እኮ!»

«ቢሆንም» አለ ቢሆንም በአፍንጫው፣ «ቁራጩን ቤታቸው አዘጋጅተው ነው ያመጡት። እኔ የጠየቅኩት ስለ ቢዶኑ ነው።»

ሰው አጉረመረመበት። እትዬ ማግኔት ግን እጇን አነሳች። «እውነቱን ነው። ምረጥና አምጣ። የትኛውንም።»

መረጠ። ከስምንቱ በጣም የሚያምረውን፣ ሬዲዮ ሁለት ቀን የወለወለችውን። ሬዲዮ ወናፉ ላይ ሆና አቃሰተች። አንገቱን ከሰሉ ላይ ደፉት። ላሜራው ወፍራም ነው፣ ቢጫ ሆነ፣ ሰማያዊ ሆነ፣ ከዚያ ደብዘዝ ያለ ቀይ። ጋሽ ፍሙ አነሱት፣ ውኃ ከለበሱበት። ቢሆንም ራሱ መጥቶ ማግኔቱን አስጠጋ።

ጠቅ።

እትዬ ማግኔት ሙሉ ቢዶን ሞክራ አታውቅም። እሳቱ የሚሠራው ለቁራጭ ብቻ ነው እንዴ? በተሰበሰበው ሰው ፊት የቆመችው ገና ግማሹን አውቃ ነው እንዴ፣ ዳግመኛ? ቢሆንም ወደ ሊቀመንበሯ ዞሮ እጁን ዘረጋ፤ «እንግዲህ!»

«አንተ፣ ዞር በል ከዚህ!» አሉ ጋሽ ፍሙ። «ይኼ ሙቀት ሻይ አያፈላም! ደብዛዛ ቀይ ነው ያየሁት፣ ጥግ ጥጉ ገና ጥቁር ነው። ቁራጯ ብርቱካን ነበረች። አንቺ ልጅ፣ ንፊ! ወናፉ ነው የሚያወራው ዛሬ፣ አንቺ አይደለሽም!»

ሬዲዮ ነፋች። ከሰሉ ነጣ። እትዬ ማግኔት ቢዶኑን ሥሩን ይዛ ቀስ እያለች አዞረችው፣ ሁሉም ጎን እኩል እንዲግል። ጨርቅ ጠቅልላም እጇን እየለበለባት ነው፣ አልለቀቀችም። ቀዩ ደመቀ። ብርቱካን ሆነ። ከአንገት እስከ ትከሻ፣ አንድም ጥቁር ሳይቀር። «አሁን!» አሉ ጋሽ ፍሙ።

ውኃው ጮኸ። እንፋሎቱ ገለል ሲል ቢሆንም ማግኔቱን አስጠጋ። አንገቱ ላይ፤ ምንም። ትከሻው ላይ፤ ምንም። ዞሮ በሌላ በኩል መጣ፣ ተጫነው፣ እጁን ለቀቀው። ማግኔቱ ሄዶ መሬት ላይ ወደቀ፣ ቢሆንምም አፉን ከፍቶ ምንም ሳይል ዘጋው።

እልልታው ከየት እንደተነሳ አይታወቅም። ሊቀመንበሯ እጇን አንስታ ጸጥ አስባለችና «እትዬ፣ ለምንድነው እንዲህ የሚሆነው?» አለች።

«ስቴንለስ ብረት የለበትም ያለ ሰው ቢኖር እኔ ነኝ፣ ተሳስቻለሁ» አለች እትዬ ማግኔት ላቧን እየጠረገች። «አብዛኛው ብረት ነው፣ ላሜራ ሻጩን ጠይቄዋለሁ። ኒኬልና ክሮም ተጨምረውበት ነው። እነሱ ሲገቡ ውስጡ ያሉት አቀማመጣቸው ይለወጣል፣ ማግኔት ቢመጣም አይሰለፉም። በመዶሻ ስትደበድቢው ግን ከተቀመጡበት ይፈናቀላሉ። የተፈናቀሉት እንደ ተራ ብረት ይሰለፋሉ። እሳት ወደ ቦታቸው ይመልሳቸዋል። ምስማር ግን ሲበርድ ያው ምስማር ነው። የመዶሻውንና የእሳቱን ነገር በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ውስጥ ውስጡን የሚሆነውን ግን ገምቼ ነው። የሚያውቅ ሰው ካገኛችሁ ጠይቁ።»

«ታዲያ ከእንግዲህ በምን እንለይ?»

«ማግኔቱን ያልተቀጠቀጠው ጠፍጣፋው ላይ አስጠጉ። እሱም ብቻውን አይበቃም፣ ማግኔት የማይዘው ሁሉ ስቴንለስ አይደለም። ከተጠራጠራችሁ ጨው ውኃ ውስጥ ሳምንት አስቀምጡት። ይኼንን የተቃጠለውን እዚሁ ከምስማር ጋር ንከሩት። ከዛገ ሰባቱንም መልሱልኝ።»

አልዛገም። ምስማሩ ውኃውን ቡናማ አድርጎት የቢዶኑ አንገት እሳት ካጠቆረው በቀር እንዳለ ወጣ። ሰባቱ ግን ያንን አልጠበቁም፤ ሊቀመንበሯ በዚያው አርብ ወተት አስሞልታ ላከቻቸው። ለስምንተኛው ምትክ እትዬ ማግኔት አዲስ ሠራች፣ አንገቱን ጋሽ ፍሙ አግለው አለሰለሱላት። የጭልፋዎቹን ነገር ለሆቴሉ ባለቤት ልትነግር ሄዳ ነበር። ሆቴሉ ተዘግቷል፣ ሰውየው የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። ለእሱ የምትለውን ለጋሽ ፍሙ ልጅ የክርስትና አባት ሄዳ አለችው፤ ሰውዬው አለቀሰ ትላለች ሬዲዮ፣ ይቺን እንኳ እውነቷን ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ሱቋ ሄዶ የሚጠይቅ ሰው ትንሽ ይበሳጫል። በቀደም አንዲት ሴትዮ ድስት ይዛ መጣች፣ ዕቃዋን ገና ሳታስቀምጥ፦

«እትዬ፣ ፈጠን በይልኝ፣ ታክሲ እየጠበቀኝ ነው። ስቴንለስ ነው ብረት?»

እትዬ ማግኔት ድስቱን ተቀበለች፣ ወደ ብርሃኑ አዞረችው፣ ዳሩን በጣቷ ዳሰሰችው። ማግኔቱን ከደረቷ አላነሳችም።

«ማነው የሠራው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! ያዘ ወይስ አልያዘም በይኝ እንጂ!»

«በማሽን ተጨፍልቆ ነው የወጣው ወይስ በእጅ ተቀጥቅጦ? ጠርዙ የታጠፈ ነው፣ እዚህ ጋ ቢይዝም አይፈረድበትም። ትተሽው ሂጂ፣ ሰኞ እነግርሻለሁ።»

«ሰኞ! ድሮ እኮ ወዲያው ነበር የምትነግሪኝ!»

«አዎ» አለች እትዬ ማግኔት፣ ድስቱን ከጨው ውኃው ባልዲ አጠገብ እያስቀመጠች። «ታክሲውን አታስቀሪው፣ ሂጂ።»